የቀረው ዓለም

ግንቦት 5 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ምሽት። ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ፣ እናቴ ቤት። ስልኬ በስኳር ጣሳ ተደግፎ ረከቦቱ ላይ ቆሟል። ዙሪያውን እናቴ፣ እኅቴ፣ ባሏ፣ የ13 ዓመት ልጃቸውና ለቡና መጥተው ለእራት የቆዩ አንዲት ጎረቤታችን ተቀምጠዋል። እንግሊዝ አገር፣ ሊቨርፑል ውስጥ፣ 26 አገሮች ዩሮቪዥን በሚባለው የአውሮፓ የዘፈን ውድድር ሊወዳደሩ ነው። እኔ በቀኝ እጄ እስክሪብቶ፣ በግራ እጄ የስዊድን የባንክ ካርዴን ይዤ እንደ ተፈታኝ ተማሪ እቁነጠነጣለሁ።

«ይህን ለማየት ነው ከዚያ ድረስ የመጣሽው?» አለች እናቴ።

«ለማየትማ እዚያም አየው ነበር። የመጣሁት ለመምረጥ ነው።»

«ማንን?»

«ስዊድንን።»

እናቴ ጎረቤታችንን አየቻቸው። ጎረቤታችን ስኒያቸውን አዩ። ስዊድን ተቀምጦ ስዊድንን መምረጥ እንደማይቻል፣ ለዚህም ሲባል አውሮፕላን መሳፈር እንደሚያስፈልግ ለሁለት የባሕር ዳር እናቶች ማስረዳት ቀላል አይደለም። እናንተም ግራ ሳይገባችሁ አልቀረምና ከመጀመሪያው ልጀምር።

ቬስተሮስ ከስቶክሆልም በስተ ምዕራብ፣ በባቡር አንድ ሰዓት ያህል የምትርቅ፣ ሜላረን የሚባል ሐይቅ ዳር የተቆረቆረች ከተማ ናት። ስዊድኖች «የኪያር ከተማ» እያሉ ይቀልዱባታል። እኔ እዚያ ስመደብ ካርታው ላይ ያየሁት ሐይቁን ብቻ ነበር። ጣና ዳር ላደገ ሰው ሐይቅ ያለበት ከተማ መሄድ ግማሽ ዘመድ ማግኘት ነው ብዬ ተጽናናሁ። በጥር ስደርስ ዘመዴ ደርቆ ጠበቀኝ። ውኃው በረዶ ሆኖ ሰዎች ውሻቸውን አስከትለው በላዩ ይንሸራሸራሉ። ጣና ላይ በእግሩ የሄደ ሰው እኔ የማውቀው በገድል ውስጥ ብቻ ነው። ለእናቴ ደውዬ «ዛሬ ሐይቅ ላይ በእግሬ ሄድኩ» አልኳት። ብዙ ዝም ካለች በኋላ «ልጄ፣ ምግብ ትበያለሽ ወይ?» አለችኝ።

የመጀመሪያ ሥራዬ አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ነበር፤ ሥራ ከማለት ቋንቋ እየተማሩ የሚሠሩት ልምምድ ማለት ይሻላል። እዚያ አንዲት ሴት ነበሩ። ስዊድኖች ትልቁንም ትንሹንም «አንተ»፣ «አንቺ» ነው የሚሉት፤ ሚኒስትርም ሆነ አያት ለውጥ የለውም። እኔ ግን ሰማንያ ዓመት ያለፋቸውን ሴት አንቺ ለማለት ምላሴ እምቢ አለኝ። ስለዚህ «እማማ» አልኳቸው። ምን ማለት እንደሆነ ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው፣ ወደዱት። ከዚያ በኋላ ማንም ሌላ ሠራተኛ በስማቸው ሲጠራቸው ቀስ ብለው ነው የሚዞሩት፤ እኔ «እማማ» ስል ግን ከኮሪደሩ ማዶ ይሰማሉ። ለእናቴ ሳወራላት «እማማ ስዊድን» እላቸው ነበርና በእኛ ቤት ስማቸው ይኸው ሆኖ ቀረ።

እማማ ስዊድን አንድ ደብተር ነበራቸው። የዩሮቪዥን የዘፈን ውድድር ውጤት ደብተር። የመጀመሪያው ገጽ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የ1974 ነው፤ ስዊድን እንግሊዝ አገር፣ ብራይተን ላይ፣ በአባ ቡድን ለመጀመሪያ ጊዜ ያሸነፈችበት ዓመት። (እናቴ ይህን ስትሰማ «አባ ማን?» ብላ ጠይቃለች። መነኩሴ መስለዋት ነበር።) ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ አንድ ገጽ አለ። አገሮቹ ቁልቁል ተደርድረዋል፤ ከጎናቸው የእማማ የራሳቸው ነጥብ ተጽፏል። ለአንደኛው 12፣ ለሁለተኛው 10፣ ከዚያ ከ8 እስከ 1። በቀረው ባዶ። የስዊድንኛን ቁጥር በትምህርት ቤት ሳይሆን ከዚያ ደብተር ነው የተማርኩት። እስከ ዛሬ «አሥራ ሁለት» ለማለት ስፈልግ «ነጥብ» የሚለውን ቃል አስከትዬ ካልጠራሁት አይጥመኝም። የአውቶቡሱን ቁጥር እንኳ እንደዚያ ጠርቼ ሹፌር አስቄያለሁ።

በየገጹ የስዊድን መስመር በቀጭኑ ተሰርዟል። «ለራስ መስጠት ክልክል ነው» አሉኝ። ሕጉ እንዲህ ነው፦ ሁሉም አገር ይመርጣል፣ ለራሱ አገር ግን ማንም አይመርጥም። ስልኩም አይቀበልም። እማማ ስዊድን ቤታቸው ተቀምጠው በማንም የማይታይ ደብተር ላይ እንኳ ሕጉን ያከብራሉ። እኔ ያደግኩት የራሱን ቡድን ደግፎ ዳኛውን የሚሳደብ ሕዝብ መካከል ስለሆነ ይህን ለመቀበል ጊዜ ወሰደብኝ።

ግንቦት 18 ቀን 2004 ዓ.ም. ማታ፣ በጋራ ሳሎኑ ውስጥ ነበርን። ውድድሩ አዘርባጃን፣ ባኩ ላይ ነው። ስዊድንን ወክላ የወጣችው ሎሪን ናት፤ ወላጆቿ ከሞሮኮ የመጡ በርበሮች፣ እሷ ያደገችው ደግሞ እዚያው ቬስተሮስ። ጨለማ ውስጥ በባዶ እግሯ ስትጨፍር ከላይ ሰው ሠራሽ በረዶ ይዘንብባታል። 18 አገሮች 12 ነጥብ ሰጧት፤ በጠቅላላው 372 አገኘችና አንደኛ ወጣች። ሳሎኑ በደስታ ተናወጠ፤ ማለቴ፣ በምርኩዝ የሚሄዱ ሰዎች ሊያናውጡት በሚችሉት መጠን።

በየጠዋቱ «ከየት ነሽ?» የሚሉኝ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። መልሱን ይረሱታል፤ ጥያቄውን ግን አንድም ቀን ረስተውት አያውቁም። በዚያች ማታ ቴሌቪዥኑን በጣታቸው እያመለከቱ «የእኛ ልጅ ናት! የቬስተሮስ ልጅ!» አሉ። ደስ አለኝ። ትንሽም ከነከነኝ። ወደ እማማ ጎንበስ ብዬ «የእኛ ልጅ ለመባል ስንት ዓመት ይፈጃል?» አልኳቸው። ደብተራቸውን መነጽራቸው ሥር አስጠግተው አዩና «372 ነጥብ» አሉኝ።

በነጋታው ለእናቴ ስነግራት ስለ ሎሪን የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «በባዶ እግሯ? ጫማ አጥታ?» ልቧን የወሰዱት ሁለተኛ የወጡት ነበሩ። ሩሲያ የላከችው ቡራኖቮ ከሚባል መንደር የመጡ አሮጊቶችን ነው፤ ነጠላ መሳይ ነገር ተከናንበው፣ መድረኩ ላይ ምድጃ አስቀምጠው፣ እየዘፈኑ ዳቦ ነገር ይጋግራሉ። ገንዘብ የሚፈልጉት ለመንደራቸው ቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ ነው ተብሏል። እናቴ ይህን ስትሰማ ስልኩን ለጎረቤቶቿ ሁሉ አዞረችውና ደግሜ እንዳወራ አደረገችኝ። «ታዲያ ሁለተኛ መውጣት ቆርቆሮ ይገዛል?» አለች በመጨረሻ።

ከዚያ ወዲህ የእማማ ስዊድን ደብተር ጸሐፊ እኔ ሆንኩ፤ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ጀምሯል። በየካቲትና በመጋቢት ስዊድን ወካይዋን የምትመርጥበት ሜሎዲፌስቲቫለን በየቅዳሜው ይተላለፋል፤ መንገዱ እንደ ስቅለት ቀን ጭር ይላል። በግንቦት ዋናው ይመጣል። በየዓመቱ የስዊድንን መስመር በማስመሪያ ሳሰምር እማማ አንዲት ቀልድ ይደግማሉ፦ «አንቺ አንድ ግንቦት አገርሽ ግቢና ከዚያ ሆነሽ ምረጪልን።»

«እማማ፣ ኢትዮጵያ ውድድሩ ውስጥ የለችም። ከእዚያ የሚመርጥ ሰው የለም።»

«እንግዲያው ይቆያል» ይሉኛል፣ ባቡር እንደሚጠብቅ ሰው።

አንዴ አማርኛ በሩን ሊያንኳኳ ደርሶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 እስራኤል የመረጠቻት ኤደን አለነ ወላጆቿ ከኢትዮጵያ የሄዱ ናቸው፤ የዘፈኑ ርእስ «ፍቅር ልቤ» ሲሆን ውስጡ ከእንግሊዝኛ፣ ከዕብራይስጥና ከዐረብኛ ጋር አማርኛ አለበት። በስልኬ አሰማኋቸው። «ይህ ያንቺ ቋንቋ ነው?» አሉ። አዎ አልኩ። «ለማን ነው የሚዘፈነው?» ለእስራኤል አልኩ። «በሰው በርም ቢሆን መግባት ነው» አሉና 12 ቃል ገቡልኝ። መጋቢት ላይ ኮሮና መጣ። ውድድሩ እ.ኤ.አ. በ1956 ከተጀመረ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰረዘ። ብዙም ሳይቆይ በመላው ስዊድን የአረጋውያን መኖሪያዎች ለጠያቂ ተዘጉና እማማ ልጃቸውን በመስኮት ማየት ጀመሩ። በማግሥቱ ዓመት ዘፋኟ ሮተርዳም ላይ ቀረበች፤ ነገር ግን የተሰረዘውን ዘፈን መድገም ስለማይፈቀድ በሌላ ዘፈን፣ ያለ አማርኛ። 93 ነጥብ አግኝታ 17ኛ ወጣች። እማማ የገቡትን ቃል አልረሱም። ዘፈኑን እንዳልወደዱት ነግረውኝ፣ «ላላየነው ነው» ብለው 12 አጻፉኝ። በደብተሩ ታሪክ ለይሉኝታ የተሰጠ ነጥብ እሱ ብቻ ይመስለኛል።

በዚያው ዓመት ክረምቱ ሲገባ አረፉ፤ የስዊድኑን ክረምት ማለቴ ነው። ሠራተኛ ከነዋሪ ስጦታ መቀበል አይፈቀድለትም። ልጃቸው ደብተሩን ሲያመጣልኝ አለቃዬ አገላብጣ አየችውና «ዋጋ ያለው ነገር አይደለም፣ ውሰጂው» አለችኝ።

ከአንድ ዓመት ያህል በኋላ፣ በኅዳር፣ አውቶቡስ ውስጥ ዜናውን አነበብኩ። እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ በውድድሩ የማይካፈሉ አገሮች ተመልካቾችም በኢንተርኔት ይመርጣሉ፤ የሁሉም ድምፅ ተደምሮ እንደ አንድ አገር ይቆጠራል። ስሙም «የቀረው ዓለም» ነው። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ምን ሆነሽ ነው አለኝ። ምንም አልኩት። ማታውኑ ለግንቦት ትኬት ፈለግኩ። ለእናቴ «ለልደታ እመጣለሁ» አልኳት፤ ውሸት አይደለም፣ ሙሉ እውነትም አይደለም።

ባሕር ዳርን ካየኋት አምስት ዓመት ሆኖኝ ነበር። ዘንባባዎቹ እዚያው ናቸው። ሙቀቱ እዚያው ነው። ከአገር ስወጣ ማንም የማያወራለት እምቦጭ አሁን የታክሲ ረዳት እንኳ ሐሳብ የሚሰጥበት ጉዳይ ሆኗል። ስለ ለውጡ ብዙ ማለት ይቻላል፣ ግን ሌላ ጊዜ።

ግንቦት ልደታ ዕለት ሠፈርተኛው እንደ ወጉ ደጅ ወጥቶ፣ እሳት አንድዶ፣ ንፍሮውን ቀቅሎ፣ ቡናውን አፍልቶ አከበረ። የማይታመን ግጥምጥሞሽ ሆነና ግንቦት 1 የመጀመሪያው ግማሽ ፍጻሜ የሚካሄድበት ዕለት ነበር፤ ስዊድንም የምትቀርበው በዚያው ምሽት ነው። ሴቶቹ እልል ሲሉ እኔ ነጠላዬን ተከናንቤ፣ ስልኬን ከነጠላው ሥር ደብቄ ሳይ እናቴ ያዘችኝ። «በልደታ ቀን!» አለች። «ማርያም ትየው፣ አለፉ ወይስ አላለፉም?» አለች ቀጥላ። አልፈዋል። ሎሪን ነበረች፤ ከ11 ዓመት በኋላ ተመልሳ።

እነሆ ቅዳሜ ደረሰ። የዚያን ሰሞን ማኅበራዊ ሚዲያ ያለ ቪፒኤን አይከፈትም ነበር፤ ዩቲዩብም ጭምር። የእኅቴ ባል ይህን ሥራ ከእኔ በላይ ያውቅበታል፤ ከፈተልኝ። ምሽት 4 ሰዓት ላይ ተጀመረ። የተጠበሰው ቀረሶ ገና ከትሪው አላለቀም።

የእኅቴ ልጅ የመጀመሪያዋ ጥያቄ «ለምን ሊቨርፑል?» የሚል ነበር። ያለፈውን ዓመት ዩክሬን አሸነፈች፣ ያሸነፈ ያዘጋጃል፣ ዩክሬን ውስጥ ጦርነት አለ፣ ስለዚህ ሁለተኛ የወጣችው ብሪታንያ በዩክሬን ስም ደገሰች። እኛ አካባቢ ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም። ሁለተኛው ጥያቄዋ ከበድ ያለ ነበር፦ «አውስትራሊያ አውሮፓ ናት?»

«አይደለችም። ተጋብዛ ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ።»

«ታዲያ እኛስ? እኛ አንቀርብም?»

ውድድሩ የአውሮፓ ብሮድካስቲንግ ኅብረት አባላት መሆኑን፣ ኅብረቱ ሜዲትራንያን ዳር ያሉትን የሰሜን አፍሪካ አገሮች እንደሚያካትት፣ ከአፍሪካ ግን ሞሮኮ ብቻ፣ እሷም አንድ ጊዜ ብቻ፣ እ.ኤ.አ. በ1980 ተወዳድራ በ7 ነጥብ ከ19 አገሮች 18ኛ እንደወጣች ነገርኳት። አሰበችበትና «ስለዚህ ሞሮኮ ራሷ መጥታ 18ኛ ወጣች፤ ልጇን ለስዊድን ስትሰጥ ግን አንደኛ» አለች። የ13 ዓመት ልጅ ናት። እኔ 12 ዓመት ስዊድን ኖሬ እንዲህ አላሰብኩትም።

አሁን ወደ ካርዱ። የመምረጫውን ገጽ ከፈትኩ። ድምፅ የሚሰጠው በባንክ ካርድ እየተከፈለ ነው፤ ካርዱ ደግሞ መራጩ ያለበት አገር ካርድ መሆን አለበት። አነበብኩት። ደግሜ አነበብኩት። ስልኬ በቪፒኤኑ ምክንያት ፍራንክፈርት ነኝ ይላል፤ ካርዴ ስዊድን ነኝ ይላል፤ እኔ ሽምብጥ ነኝ። ካርዴ የስዊድን እስከሆነ ድረስ እኔም የስዊድን ሰው ነኝ፤ የስዊድን ሰው ከሆንኩ ደግሞ ለስዊድን መስጠት ክልክል ነው። የስድስት ወር ዕቅድና የአውሮፕላን ትኬት በአንድ መስመር ተሰረዘ፤ ልክ እንደ እማማ ስዊድን ደብተር።

የእኅቴ ባል በኩራት የራሱን ካርድ መዘዘ። «ይኸው፣ የአገር ካርድ። ሞክሪው።» የብር ካርድ ነው፤ ገንዘብ ከማውጫ ማሽን ገንዘብ ያወጣል፣ ሱቅ ይከፍላል፣ ውጭ አገር ግን አይሻገርም። ሞከርነው። አልሆነም። ሁለቱን ካርዶች ረከቦቱ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥናቸው፤ አንዱ አገር አለው መሻገሪያ የለውም፣ አንዱ መሻገሪያ አለው አገር የለውም።

«ማን ተብለሽ ነው የምትመርጪው?» አለች እናቴ፣ ነገሩ ስላልገባት ሳይሆን ስለገባት።

«እዚህ ያላችሁት በሙሉ "የቀረው ዓለም" ናችሁ። እንደ አንድ አገር ትቆጠራላችሁ።»

«ማን ነው የቀረው? እኛ ከቤታችን ንቅንቅ አላልንም። የቀረሽው አንቺ!»

ጎረቤታችን ሳቃቸው መጣ። እኔም ሳቅኩ፣ ሌላ ምን ይደረጋል። አማርኛ ክፉ ቋንቋ ነው፤ ውጭ ወጥቶ ላልተመለሰው «ቀረ» ይላል፣ ከአገሩ ላልተነቃነቀውም «ቀረ» ይላል። ማን ከማን እንደቀረ የሚለየው ቡናውን የሚያፈላው ሰው ነው።

መምረጡ ቢቀር ደብተሩ አለ። ገጹን አሰመርኩ፣ 26 አገሮችን ጻፍኩ። ጸሐፊነቱን ለእኅቴ ልጅ ሰጠኋት፤ የእኔ እጅ ለጊዜው ደስታ አልነበረውም።

ስዊድን 9ኛ ተራ ላይ ቀረበች። ሎሪን በሁለት የሚያበሩ ሰሌዳዎች መካከል ተጋድማ ነው የምትጀምረው፤ የላይኛው ሊጫናት ዝቅ ይላል፣ እሷ ትገፋዋለች። ጥፍሯ የስንዝር ያህል ነው። እኔ የማየው የቬስተሮስን ሳሎን ነበር፣ ጉሮሮዬ ታንቋል። እናቴ የምታየው ሌላ ነው። «ምጣድና አክንባሎ መሀል የገባች እንጀራ መሰለችኝ» አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «በዚያ ጥፍር ሊጥ አይቦካም።»

«ድምጿስ እማዬ?»

«ድምጿ ጥሩ ነው። ጥሩ አይደለም አላልኩም።»

13ኛው የፊንላንዱ ካሪያ ነበር። ከእንጨት ሳጥን ውስጥ ተወርውሮ ወጣ፤ ደረቱ ባዶ፣ ትከሻውና እጅጌው ብቻ እንደ ፊኛ የተነፋ አረንጓዴ ነገር ለብሷል፤ ጸጉሩ ጎድጓዳ ሳሕን ደፍተው የቆረጡት ይመስላል። አፍንጫዬን ነፋሁ። እናቴ ግን ወደ ስልኩ ተጠጋች። ሰውየው ይጮኻል፣ ይዘላል፣ ያልበዋል፣ አዳራሹ አብሮት ይጮኻል።

«ሸሚዙን ማን ወሰደበት?» አለች። ቀጥላም፣ «በምን ቋንቋ ነው?»

«በፊንላንድኛ።»

«በገዛ ቋንቋው። ያቺ የእናንተዋስ?»

«በእንግሊዝኛ።»

«ስዊድኖች ቋንቋ የላቸውም?»

ድሮ እያንዳንዱ አገር በገዛ ቋንቋው እንዲዘፍን የሚያስገድድ ደንብ እንደነበረ፣ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ግን ምርጫው ለዘፋኙ እንደተተወ አስረዳኋት። አስረድቼ ስጨርስ የእኔ ማስረጃ እሷን እንደሚያግዝ ገባኝ። አንዳንድ ክርክር እንዲህ ነው፤ ብዙ የሚያውቀው ሰው ይሸነፋል።

ሌሊት ሰባት ሰዓት ገደማ ነጥብ መቆጠር ጀመረ። ጎረቤታችን «ነገ ቅዳሴ አለ» ብለው ተነሥተው፣ በሩ ጋ ቆመው፣ ተመልሰው ተቀመጡ። ግማሹን ነጥብ የሚሰጡት በየአገሩ ያሉ የሙዚቃ ባለሙያ ዳኞች ናቸው፤ ግማሹን ሕዝብ። ዳኞቹ ለስዊድን 340፣ ለፊንላንድ 150 ሰጡ። ሊቨርፑል የተሰበሰበው ሕዝብ የፊንላንዱን ዘፈን ስም እየጠራ ጮኸ። ከዚያ የሕዝቡ ድምፅ መጣ፦ ለፊንላንድ 376። ቤታችን ውስጥ እልልታ ቀለጠ፤ ከእኔ በስተቀር ሁሉም ፊንላንዳዊ ሆነው አርፈዋል። ለስዊድን 243። ሲደመር ስዊድን 583፣ ፊንላንድ 526።

«ዳኛ በላቸው» አለ የእኅቴ ባል። «አዝማሪ ቤት እንኳ እንዲህ አይደረግም። ሰው ሁሉ ለአንዱ እያጨበጨበ፣ ብሩ ግን ሌላው ግንባር ላይ ሲለጠፍ አየሽ?»

«ማንም አልበላም!» ብዬ ብድግ አልኩ። «ሕጉ ግማሽ በግማሽ ነው! በሕዝብ ድምፅም እኮ ሁለተኛ ነን! እኛ በዳኛ ብቻ አላሸነፍንም! ከሴት ሁለት ጊዜ ያሸነፈች የመጀመሪያዋ የእኛ ናት፣ በብዛትም ከአየርላንድ ጋር እኩል ሆነናል፣ ሰባት ጊዜ...»

ውጭ ውሻ ጮኸ። የጎረቤት መብራት በራ።

«ቀስ በይ፣ ሰው የሞተብን ይመስላቸዋል» አለች እናቴ። ከዚያ ዝግ ባለ ድምፅ፣ «"እኛ" ስትዪ፣ እነማን ናችሁ?»

ስልኩ ላይ ሎሪን ዋንጫዋን ይዛ ዘፈኑን ትደግማለች። የእኅቴ ልጅ እስክሪብቶውን አፏ ውስጥ ከትታ ታየኛለች። መልስ ልስጥ ብዬ አፌን ከፈትኩ፤ የመጣልኝ የእነዚያ ሽማግሌ ጣት ነበር፣ ቴሌቪዥኑን የሚያመለክተው። «እኔና እማማ ስዊድን» አልኩ በመጨረሻ።

እናቴ ራሷን ነቀነቀች። ይህ መልስ የበቃት ይመስለኛል፤ ወይም እንቅልፏ መጥቶ ነው። በዚያች ቅጽበት ስልኬ ተንጫረረ፤ ከቬስተሮስ፣ የሥራ ባልደረቦቼ ቡድን ነው። «አሸነፍን!» ይላል፣ ከብዙ ልብ ጋር። «ባሕር ዳር ሆነሽ መረጥሽ?» ትላለች አንዷ። ምን ብዬ እንደምመልስ ሳላውቅ የረከቦቱን ፎቶ ላክሁላቸው፤ ስኒዎቹን፣ ሁለቱን ካርዶች፣ ደብተሩን።

የእኅቴ ልጅ ደብተሩን ወደ እኔ አዞረችው። ሁሉም ተሞልቷል። የስዊድን መስመር ብቻ ንጹሕ ነው።

«እዚህ ስንት ልጻፍ?»

«12 በያት» አለ አባቷ፣ ሊክሰኝ ፈልጎ።

«ሴትዮዋ ምን ይሉ ነበር?» አለች እናቴ።

«ክልክል ነው ይሉ ነበር።»

«እንግዲያው ይሰረዝ። የሟች ደብተር ላይ አይቀለድም።»

በቀጭኑ አሰመርኩት። ደብተሩን ልዘጋ ስል ግን እጄን ያዘችኝ። ነጠላዋን አስተካክላ፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣ ጣቷን የፊንላንድ መስመር ላይ አሳረፈች። የእኅቴ ልጅ እዚያ ቀደም ብላ 8 ጽፋ ነበር፤ እኔ ነኝ ያስጻፍኳት።

«ይህን ሰርዢና 12 አድርጊልኝ» አለች። «እኔ የቀረው ዓለም ነኝ።»